የአራቱ ጨርቆች ቆጣሪ

እትዬ የብርጓል በወረዳችን ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጽድተዋል። ከኮሌጅ ወጥተው ለሚመጡ አዳዲስ አዋላጅ ነርሶች ሁሉ የሚነግሩት አንድ ነገር ነበራቸው። «የእኛ ሴት ለማታውቀው ሰው ሕመሟን አትናገርም፤ ጋቢዋን ተከናንባ ተመስገን ትልሃለች። እሷን ብቻ ጠይቀህ አትለፍ። ከሥሯ ጨርቅ የማነሣውን እኔን ጠይቀኝ።»

አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ «እሺ እትዬ» ይልና ይረሳዋል።

እኔ ልጄን የወለድኩ ቀን ተረኛው አንተነህ ነበር፤ ከተመረቀ ገና ሁለት ወሩ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ «አይዞሽ እህቴ» እያለ ነው ያዋለደኝ። ከመጋረጃው ማዶ እስከዳር የምትባል ሴት ተኝታለች። ሦስተኛ ልጇን ከእኔ ቀድማ፣ ድምፅ ሳታሰማ ተገላግላለች። አንተነህ እኔን ሊሰፋኝ ሲመጣ አንገቱን በመጋረጃው አስገብቶ እንዴት እንደሆነች ጠየቃት። «ተመስገን» አለች። በቃ፣ ወደ እኔ ዞረ።

እኔ ደግሞ እጮኻለሁ። መርፌው በነካኝ ቁጥር ኧረ በማርያም እላለሁ።

እትዬ የብርጓል ባልዲያቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ የእስከዳርን ጨርቅ ሦስቴ አነሣሁ። ያሁኑማ ሳልጨምቀው ደሙ ይፈሳል። ተነሥተህ እያት።»

«አሁን ጠየቅኋት እኮ፤ ደኅና ናት።»

«መጠየቁን ትተህ ግለጣት።»

«እትዬ፣ እርስዎ ባልዲዎን ይያዙ፣ እኔ መርፌዬን። ይቺን ልጨርስ።»

ሄደው ተመለሱ። «አራተኛ» አሉት።

ሁሉንም ሰምቻለሁ። እኔን ተወኝና ሂድ ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። ቶሎ ጨርሶልኝ ልረፍ ነበር ሐሳቤ።

ጨርሶ መጋረጃውን ሲገልጥ የእስከዳር ከንፈር አመድ መስሏል። ከዚያ በኋላማ ያልሮጠው ሩጫ የለም፤ ሆዷን አሸ፣ መርፌ ወጋ፣ ጉሉኮስ ሰቀለ፣ አምቡላንስ አስጠራ። ደብረ ማርቆስ ሳይደርሱ አረፈች።

ሪፖርቱ ላይ እናትየዋ ቤቷ ቆይታ፣ ዘግይታ መጣች ተብሎ ተጻፈ። ይስማው የሚባለው ባሏ ሕፃኑን ታቅፎ ይህ ሲነገረው እትዬ የብርጓል አላስቻላቸውም። «ከመውለዷ አንድ ቀን ቀድማ፣ በጠዋት ነው የመጣችው። አልጋዋን ያነጠፍኩላት እኔ ነኝ። ጨርቁንም ተናግሬያለሁ» አሉ። በሳምንቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ከማዋለጃ አውጥተው ግቢ ጠራጊ አደረጓቸው። አንተነህም ዝውውር ጠይቆ ሄደ።

ልጄን ለዘጠኝ ወር ክትባት ስወስዳት ግቢውን ሲጠርጉ አገኘኋቸው። አዳዲስ አዋላጆች መምጣታቸውን ሰምቼ ስለነበር «ያንን ምክርዎን ነገሯቸው?» አልኳቸው።

«ምን አገባኝ ልጄ። የኔ ሥራ አሁን ቅጠል ነው።»

የምትከትበው መቅደላዊት ከአዲሶቹ አንዷ ናት፤ ከሰዓት በኋላ ማዋለጃ ትገባለች። የጋውኗ እጥፋት ገና አልለቀቀም። ተራዬ ሲደርስ ነገርኳት፤ ጨርቁን፣ ቁጥሩን፣ የራሴንም ጩኸት። ሥራዋን አቁማ ሰማችኝ። የልጄን ስም ሳትጽፍ የሳቸውን ጠየቀችኝ። በመስኮቱ አሳየኋት።

«ታዲያ ለምን ግቢ ይጠርጋሉ?»

«ስለተናገሩ።»

መርፌው ሲገባ ልጄ ጮኸች። ዝም በይ አላልኳትም። እዚህ ቤት የሚታየው የሚጮኸው ነው።