እጅ ያልገባበት በረራ

ረቡዕ፣ ኅዳር 30 ቀን። የበረራ መዝገቡ ገጽ እስከ መጨረሻው መስመር በጥቁር ቀለም ተሞልቷል፤ ከግርጌ ያለው የድምር ሳጥን ግን ባዶ ነው። ደቂቃዎቹ በእርሳስ ተደምረው አልቀዋል፣ ሰዓቶቹ እኩሌታው ላይ ቆመዋል። እርሳሱም እዚያው ገጹ መሃል ተጋድሟል። ባለመዝገቡ ድምር ጀምሮ ሳይጨርስ ሲነሳ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ወጣት አብራሪዎች በሌለበት “ጋሼ ሽራፊ” ይሉታል። ሌላው አርባ ስምንት ደቂቃን ሃምሳ ብሎ ሲያልፍ እሱ አርባ ስምንት ብሎ ይጽፋላ! ስሙን ሰምቶታል፤ አልተቀየመም። “ሽራፊ ካልተከበረ ሙሉው ከየት ይመጣል?” ነበር መልሱ።

ዕድሜው ገደቡ ላይ ደርሶ ከወሩ ጋር ጡረታ ሊወጣ ነው። የቀረችው አንዲት ረዳት አብራሪ ብቻ ነበረች፤ ለአዛዥነት የሚያሠለጥናት፣ የአውቶቡስ ሹፌር ልጅ። መጀመሪያ ስትመጣ መዝገቧ በቀይ ተሰርዞ ከፈቃድ ቢሮ ተመልሶባት ነበር። መሪውን የያዘችበትን በረራ ሁሉ “አዛዥ” በሚለው ዓምድ ሞልታዋለች።

“አባቴ ‘ሹፌር ማለት መሪውን የያዘው ነው’ ይለኝ ነበር” አለችው ፊቷ ቀልቶ።

“አባትሽ አውቶቡስ ላይ ልክ ናቸው። እዚህ ግን ሁለት ሆነን ነው የምንበርረው። መሪ መያዝ ሌላ፣ ማዘዝ ሌላ። መሪው ባንቺ እጅ ቢሆንም ኃላፊው እኔ ከሆንኩ፣ አንቺ ረዳት ነሽ፤ ሰዓቱም የረዳት ነው።”

“ታዲያ መቼ ነው አዛዥ የምሆነው?”

“የአዛዡን ሥራ ሁሉ አንቺ ስትሠሪ፣ እኔ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ እጄን ሳላስገባ ስንደርስ። ያን ቀን እፈርምልሻለሁ።”

እያንዳንዱን መስመር በአንድ ሰረዝ እየሰረዘች አስተካከለችው። ከዚያ በኋላ በግራው፣ በአዛዡ ወንበር ተቀምጣ በእሱ ዓይን ሥር እያዘዘች በረረች፤ እሱም ፈረመላት። ለፈተናው የሚጎድላት የአንድ በረራ ሰዓት ብቻ ሲሆን ጊዜውም እያለቀ ነበር፤ ምዝገባው ኅዳር 30 ይዘጋል።

በዚያ በረራ ላይ ሊያርፉ ሲሉ የጎን ነፋስ ገፋቸው። እሷ አይታዋለች፤ እጇም የሞተሩ ጉልበት መጨመሪያ እጀታ ላይ ነው። ግን የእሱ ግራ እጅ ከጉልበቱ ተነስቶ፣ ከእሷ እጅ በላይ፣ የሞተሩን እጀታ ወደፊት ገፋ አደረገው። አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ። ሞተሩ እንደጠፋ መዝገቧን ዘረጋችለት።

“ካፒቴን፣ ይፈርሙልኝ።”

“አልፈርምም።”

“ምን አጠፋሁ?”

“አንቺ ምንም። እጄ ገባ።”

“ነካ አደረጉት እንጂ መቼ ገፉት!”

“ገፍቻለሁ። ነፋሱን ቀድመሽኝ አይተሽዋል፤ እኔ ነኝ ያላስቻለኝ።”

“ታዲያ የእርስዎ እጅ ላጠፋው እኔ ልቀጣ?”

“በረዳትነት ጻፊው” ብቻ አላት። እስክሪብቶዋ ወረቀቱን እስኪበሳው ድረስ ተጭና ጻፈች፤ ደህና ይዋሉ እንኳ ሳትለው ወረደች።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ልብስ ሰፊ ባለቤቱ የስፌት መኪናዋ ላይ እንዳቀረቀረች “ሰውዬ፣ ዝናብ ያዘለ ደመና መስለህ ገባህ” አለችው። ነገሩን ነገራት።

“ቆይ፣ አንድ ሰዓት ለሁለት ሰው እንዴት ይደርሳል? እንደ ዳቦ ይቆረጣል?”

“ለሁለታችንም ሙሉ ነው። የሚለየው የሚጻፍበት ዓምድ ነው።”

“እንደ ትዳር በለኛ! ሁለታችንም ሠላሳ ዓመት፣ አዛዡ ግን አንድ።”

ሳይወድ ሳቀ።

“እጅህ ግን የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነው። እኔም ሠራተኛዬ ጨርቅ ስትቀድ ሲጣመምባት መቀሱን ልነጥቃት እቃጣ ነበር።”

“እንዴት ተውሽው?”

“ያን እጄን ሥራ ሰጠሁታ! መርፌ እይዝበታለሁ። የሚያስፈልግ ቀን ጥዬው እደርስላታለሁ፤ እስካሁን ግን አልጣልኩትም።”

በማግስቱ፣ በረራ ወደሚመድበው ሠራተኛ ዘንድ ሄዶ ከልጅቷ ጋር አንድ ጊዜ እንዲመደብ ጠየቀ።

“ጋሼ፣ ጡረታ ደጃፍ ላይ ቆሞ ተጨማሪ በረራ የሚለምን ሰው ዛሬ ገና አየሁ!”

“እጄን ላስተምረው ነው” አለ።

ማክሰኞ ኅዳር 29 በረሩ። ያው ነፋስ፣ ያው ማረፊያ። በግራ እጁ የድምር እርሳሱን ይዞ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ነፋሱ ሲመታቸው እርሳሱ በጣቶቹ መሃል ተጨመቀ፤ ግን አልወደቀም። እሷ ራሷ ጉልበት ጨመረች፣ አፍንጫውን አቃናች፣ ጎማዎቹ አንድ በአንድ መሬቱን ያዙ። ሞተሩ ሲጠፋ እርሳሱን ከፍ አድርጎ አሳያት፤ ነገሩ ገብቷት በሳቅ ፈነዳች። እሱም ሳቀ፤ ተጨባበጡ። ሁለት ጠንቃቃ ሰዎች በደስታቸው ፊርማውን ረሱት።

ረቡዕ ጠዋት ቤቱ ሆኖ የራሱን ገጽ ሲደምር ስልኩ ጮኸ፤ ልጅቷ ናት።

“ካፒቴን! ለምዝገባው መዝገብ ቤት ነኝ። የትናንቱ መስመር ላይ ፊርማዎ የለም!”

እርሳሱን ጥሎ ተነሳ።

“ድምሩስ?” አለች ባለቤቱ።

“ይጠብቀኛል።”

አልጠበቀውም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከወጣበት ተመልሶ ወንበሩ ላይ አረፍ እንዳለ ልቡ ቆመ። ባለቤቱ ያንቀላፋ መስሏት መኪናዋን ቀስ ብላ ነበር የምትረግጠው። ሳጥኑን ማንም አልሞላውም፤ የሰው መዝገብ የሚዘጋው በባለመዝገቡ እጅ ነው።

ልጅቷ ፈተናውን አለፈች። ዛሬ በግራ ወንበር ተቀምጣ የምታዘው እሷ ናት፤ ሰዓቷም ያለማንም ፊርማ በአዛዥ ዓምድ ይገባል። በመጀመሪያው በረራዋ አባቷ ከተሳፋሪዎቹ ጋር ነበሩ። ሲወርዱ “መሪውን የያዝሽው አንቺ ነሽ አይደል?” አሏት።

“አይ አባዬ፣ ረዳቴ ነው። እኔ አዘዝኩ።”

“እጅሽስ ምን ይሠራ ነበር?”

“እርሳስ ይዞ ነበር” አለቻቸው።

ያን ረቡዕ እሱ መዝገብ ቤት ሲደርስ የጠዋቱ ዝናብ አባርቶ ነበር። ጃንጥላውን በር ላይ አቁሞ መነጽሩን አደረገ። ልጅቷ መዝገቧን ከፍታ መስመሩን በጣቷ አሳየችው።

“ሃምሳ ብለሽ ጽፈሻል። አርባ ስምንት ነበር።”

“ውይ ጋሼ፣ ዛሬም?”

“ዛሬም።”

ሰርዛ አርባ ስምንት ብላ ጻፈች፤ እየሳቀች። እሱም በጥቁር እስክሪብቶ ከጎኑ “በዚህ በረራ እጄን አላስገባሁም” ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለበት፤ ከዚያም መዝገቡን ዘግቶ በሁለት እጁ አስረከባት።