የሐምሌ ሦስት ሳምንታት

ነገሩ የተጀመረው በተቀደደ ካርታ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ሳስተምር ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የአፍሪካን ካርታ በየዓመቱ ስሰቅልና ሳወርድ በመታጠፊያው በኩል ለሁለት ሊከፈል ደረሰ። ከጀርባው ጨርቅ ለጥፌ ላድነው ብዬ ጠቀለልኩትና ገበያ ወጣሁ።

ጨርቅ የምገዛው ሁልጊዜም ከልጅነት ጓደኛዬ ነው። እናቶቻችን ጎረቤት ነበሩ። እኔ ቤተ ክርስቲያን፣ እሷ መስጊድ እየሄድን፣ አንድ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ተምረን አደግን። እሷ አግብታ ከባሏ ጋር የጨርቅ ሱቅ ከፈተች፤ እኔ መምህር ሆንኩ። ባለቤቴ ከሞተና ልጆቼ በየፊናቸው ከሄዱ ወዲህ፣ ከሥራ ስወጣ እግሬ በራሱ ጊዜ የሚወስደኝ ወደዚያ ሱቅ ነው።

የዚያን ቀን ካርታውን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችውና አቡጀዲ ልትለካ ሜትሯን አነሳች። ከዚያ እጇ ቆመ።

“ይኼ ሰማያዊው ሁሉ ባሕር ነው?”

“ባሕር ነው።”

“አንቺ አይተሽው ታውቂያለሽ?”

“የት አባቴ አይቼው!”

ቀና ብላ አየችኝ። “ይኼን ሁሉ ዓመት ስለ ባሕር ስታስተምሪ?”

የካርታውን ጠርዝ በእጄ አቃናሁ። እሷም ዞር ብላ መደርደሪያዋን ተመለከተች። “እዚህ ያለው ጣቃ ሁሉ ባሕር አቋርጦ ነው የመጣው። እኔ ግን ከመርካቶ አላለፍኩም።” ሜትሩን አዲስ አበባ ላይ አስቀመጠችና እስከ ጅቡቲ ሳበችው። “እዚህ ድረስ ባቡር አለ አይደል? እንሂድ።”

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

በሳምንቱ እሑድ ከሰዓት፣ አንድ ባለ መቶ ገጽ ደብተር ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ጅቡቲ ድረስ ከተሄደ ለምን እዚያ ይቆማል? ካርታውን ሳምንቱን ሙሉ ሳየው ከርሜ መንገዱን አውጥቼው ነበር። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በባቡር። ከጅቡቲ ባሕረ ሰላጤውን አቋርጦ ታጁራ በመርከብ፤ ደርሶ መልስ። ከዚያ በአውሮፕላን ናይሮቢ። ከናይሮቢ ሞምባሳ እንደገና በባቡር። ከሞምባሳ ዛንዚባር በትንሽ አውሮፕላን፣ ከዛንዚባር ዳሬሰላም በመርከብ፣ ከዳሬሰላም አዲስ አበባ በአውሮፕላን። አንድ በአንድ ሳነብላት አፏን ከፍታ ሰማችኝ።

ባሏ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጥ ነበር። ዝም ያለ ሰው ነው። ሬዲዮውን ዝቅ አደረገና፣ “ሁለት ሴቶች ብቻችሁን?” አለ።

“ብቻችንን አይደለንም፤ ሁለት ነን” አለችው።

ትንሽ አሰበና ሬዲዮውን መልሶ ከፍ አደረገው። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ ተቃውሞ ሲናገር አልሰማሁም። እንዲያውም ኋላ ላይ ለሁለታችንም የሚሆን ሻንጣ መርጦ የገዛልን እሱ ነው።

የመጀመሪያው ጭንቅ ቀን ማግኘት ነበር። እኔ እረፍት የማገኘው በክረምት ብቻ ነው። እሷ በሠርግ ወቅት ሱቋን ጥላ ብትሄድ ባሏም ደንበኞቿም አይለቋትም። የረመዳን ጾም አለ፣ አረፋ አለ። በእኔ በኩል ደግሞ የሰኔ ጾም አለ፣ ፍልሰታ አለ። በሰው አገር፣ በባሕር ዳርቻ፣ ዓሣ እየሸተተኝ የጾም ምግብ ፍለጋ መንከራተት አልፈለግሁም። የእሷን የግድግዳ መቁጠሪያና የእኔን ጎን ለጎን አድርገን በእርሳስ መሰረዝ ጀመርን። አንዷ ስትሰርዝ ሌላዋ ስትሰርዝ ዓመቱ ሊያልቅ ሆነ። በመጨረሻ ሳይሰረዝ የቀረው ከሐምሌ ስድስት እስከ ወሩ መጨረሻ ያለው ነበር። የሰኔ ጾም ተፈትቶ ፍልሰታ ያልገባበት፣ ፈተና ታርሞ ያለቀበት፣ ዝናቡ ገበያውን ያቀዘቀዘበት ጊዜ።

“ለእኛ ተብሎ የተቀመጠ ነው” አለች።

“ጅቡቲ በሐምሌ እሳት ናት” አልኳት።

“ታዲያ እኛ ልንኖርባት ነው? ሁለት ቀን ነው።”

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ወራት ሳስባቸው አሁንም ደስ ይለኛል። ኔትወርክ ሲመጣ የመርከቡን የጉዞ ቀናት እፈልጋለሁ፤ ሲጠፋ ያገኘሁትን በደብተሩ እገለብጣለሁ። ኬንያ ለእኛ ቪዛ እንደማትጠይቅ ሳነብ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ለጅቡቲና ለታንዛኒያ ግን ቅጽ መሙላት ነበረብን። ጓደኛዬ ፎቶ ስትነሳ ሦስት ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች። ፓስፖርታችን ደርሶ በእጃችን የያዝነው ዕለት፣ የእሷን ከፍታ በፎቶዋ ተናደደች፣ የእኔን ከፍታ ተጽናናች።

ፓስፖርቴን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት ዲማ፣ አባቴ ዘንድ ነው። አባቴ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ዕድሜያቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ሳይመርቁኝ ድንበር መሻገር አልሆነልኝም፤ ቢከለክሉኝ ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም ነበር። ደጃፋቸው ላይ ከጎናቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ባቡሩን፣ መርከቡን፣ አውሮፕላኑን። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉና ፓስፖርቱን ተቀብለው ዳበሱት።

“ይኼ ምን የሚያደርግ ነው?”

“ድንበር ላይ ሲያሳዩት የሚያሳልፍ ነው፣ አባቴ። ያለሱ አይታለፍም።”

“ይለፍ ነዋ!”

“አዎ፣ እንደዚያ ይሉታል።”

ፈገግ አሉ። “በይ እንግዲህ፣ ይለፍልሽ!”

ምርቃትም ቅኔም በአንድ ቃል ሰጥተውኝ ተነሡ። እየሳቅሁ እንባዬ መጣ። አባቴ ግን የተናገሩት እንደገባኝ ስላወቁ ኮራ ብለው ወደ ተማሪዎቻቸው ሄዱ።

ግንቦት ላይ ሁሉም ነገር የተጠናቀቀ መሰለኝ። ደብተሩን ለጓደኛዬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩላት። ሞምባሳ ስደርስ፣ “ጠዋት ተነሥተን አሮጌውን ምሽግ እንጎበኛለን፤ ምሳ እንበላለን፤ በስምንት ሰዓት ወደ ዛንዚባር እንበራለን” አልኩ።

“ቆይ” አለች። “ይኼ ስምንት ሰዓት የማን ነው?”

“የማን ማለት?”

“የእኛ ነው የፈረንጅ? እኔ ዕቃ የሚልክልኝ ሰው ሰዓት ሲነግረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይኼን ነው። አንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ጭነት አምልጦኛል።”

ትኬቱ ላይ ያለውን እንደገና አየሁት። ስምንት ሰዓቱ የፈረንጅ ነበር፤ በእኛ ከጠዋቱ ሁለት። እኛ ምሽጉን ስንጎበኝ አውሮፕላኑ ዛንዚባር ደርሶ አርፏል ማለት ነው። ፊቴ ጋለ። ስለ ምድር መዞርና ስለ ሰዓት ልዩነት በየዓመቱ የማስተምር ሰው ነኝ እኮ! ሌሎቹን ስንፈትሽ በሁለት ቦታ ያው ስሕተት ተገኘ፤ በአንዱ ደግሞ የእነሱን ቀን እንደ እኛ ቀን ቆጥሬዋለሁ።

“ተይው፣ እንተወው” አልኩ ደብተሩን እየዘጋሁ። “ይኼ ለእኔ የሚሆን ነገር አይደለም።”

ደብተሩን ከእጄ ወሰደችና መልሳ ከፈተችው። “ተማሪሽ ቢሳሳት ‘ተወው’ ትይዋለሽ? ቀይ እስክሪብቶ አምጪ።”

ያን ከሰዓትና የሚቀጥለውን እሑድ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር እንደገና ጻፍነው። የፈረንጅ ሰዓትና ቀን በቀይ፣ የእኛ በሰማያዊ። እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ “የማን?” እያለች ትጠይቃለች። አንድ ነገር ብቻ አላስማማንም። ከደብረ ማርቆስ የምንነሣው ሐምሌ ስድስት፣ ባቡሩ ሐምሌ ዘጠኝ ነበር፤ መካከል ላይ ሁለት ቀን ባዶ ትቼ ነበር።

“ሁለት ቀን ሙሉ አዲስ አበባ ተጎልተን ምን እንሠራለን?”

“ምንም። ክረምት ነው፤ ዓባይ በረሃን ነው የምንሻገረው።”

“ፈሪ!” አለችኝ፤ ግን አልሰረዘችውም።

ሐምሌ ስድስት ጠዋት በዝናብ ተነሣን። ደጀን ስንደርስ አውቶቡሱ ቆመ። ከፊታችን የጭነት መኪናዎች ተሰልፈዋል፤ ሾፌሮቹ ሸራ ሥር ተጠልለው ያወራሉ። ቁልቁለቱ ላይ ናዳ ወርዶ መንገዱን ዘግቶታል። መቼ ይከፈታል ብንል የሚያውቅ የለም። ነገ የሚልም አለ፣ ከነገ ወዲያ የሚልም አለ። ጓደኛዬ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች። ይህን ሁሉ ወር ስትገፋኝ የነበረችው ሴት ፊቷ አመድ መሰለ።

“አለቀ” አለች። “ባቡሩ ካመለጠ መርከቡ ያመልጣል፤ መርከቡ ካመለጠ አውሮፕላኑ። አንዱ ባንዱ የተሰፋ ነው። እንመለስ።”

ደብተሩን አወጣሁና የነገውንና የከነገ ወዲያውን ገጽ ከፍቼ ከፊቷ ያዝኩት። በሁለቱም ላይ ምንም አልተጻፈም።

“አንብቢው” አልኳት።

“ምን አለው?”

“ምንም። ዛሬም ነገም እዚህ ብናድር የሚያመልጠን ነገር የለም።”

ባዶውን ገጽ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ በመንገደኛው ሁሉ ፊት ደብተሩን አቅፋ ሳመችው። የዚያን ዕለት ደጀን አንዲት ትንሽ አልጋ ቤት አደርን፤ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ መንገዱ ተከፈተ፤ በመሸ ጊዜ አዲስ አበባ ገባን። አንድ ባዶ ቀን ተረፈን፤ ተኝተን ዋልንበት።

ከዚያ በኋላ ደብተሩ እንዳለው ሆነ። ባቡሩ አዋሽን አልፎ ወደ ቆላው ሲወርድ ጋቢያችንን፣ ከዚያ ሹራባችንን፣ ከዚያ ካልሲያችንን አወለቅን። የጅቡቲ ሙቀት ከተነገረን በላይ ነበር፤ ከምድጃ ፊት እንደመቆም ነው። በማግስቱ ወደ ታጁራ በሚሻገረው መርከብ ላይ፣ ካርታዬ ላይ ሰማያዊ የነበረው ባሕር ከሙቀቱ የተነሣ ነጭ ሆኖ አገኘሁት። 

ታጁራ ስንወርድ ጓደኛዬ ጫማዋን አውልቃ ወደ ውኃው ጠርዝ ሄደች። ጎንበስ ብላ እጇን ታጠበች፣ ተጉመጠመጠች፣ ፊቷን፣ ክንዷን ታጠበች። ከሶላት በፊት የሚታጠቡትን ውዱእ እያደረገች መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

“ልጅ ሆኜ ቁርዓን ስቀራ፣ የባሕር ውኃ ለውዱእ ንጹሕ ነው ብለው አስተምረውኝ ነበር” አለችኝ፣ ከፊቷ ላይ ውኃው እየተንጠባጠበ። “ለምን እንደሚነግሩኝ አይገባኝም ነበር። ማርቆስ ላይ የምን ባሕር?”

ከዚያ ከባሕሩ ዳር ወዳለው መስጊድ ሄደች። እኔ እግሬን ውኃ ውስጥ ነክሬ ጠበቅኋት።

ከናይሮቢ ሞምባሳ ስንሄድ በባቡሩ መስኮት ዝሆኖች አየን፤ የአገሩን አፈር ተቀብተው ቀይ ሆነዋል። ጓደኛዬ ጮኻ ፉርጎውን በሙሉ አስነሣች። በሞምባሳው ትንሽ አውሮፕላን ግን እጄን እስኪደነዝዝ ጨብጣ፣ ከመነሣቱ እስከ ማረፉ ዓይኗን አልገለጠችም። ዛንዚባር ላይ ደግሞ የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት፣ የዳሬሰላሙ መርከብ የሚነሣው ጠዋት በአንድ ሰዓት ነው አለችን። ደብተሩ ላይ አንድ የሚለው የእኛ ሰማያዊ ነው፤ የፈረንጁ ቀይ ሰባት ይላል። ግራ ተጋብተን ስንጠይቃት፣ በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ እንደሆነ ነገረችን፤ ልክ እንደ እኛ። ጓደኛዬ ወንበሩ ላይ ወድቃ ሳቀች። “ይኼን ሁሉ ቀይ እስክሪብቶ ጨርሰን!”

የመጨረሻው የባሕር ጉዞ ከበደን። ነፋሱ በርትቶ መርከቡ ከወዲያ ወዲህ ይል ነበር። ጓደኛዬ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ ተኛች፤ ሎሚ እያስሸተትኩ አባበልኳት። ከጎናችን አንዲት ጠና ያሉ የታንዛኒያ ሴት ተቀምጠው ነበር። ለእሷ ዝንጅብል ሰጡን፤ ከዚያ ከየት እንደመጣን፣ በየት በኩል እንደመጣን በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ባቡሩን፣ ታጁራን፣ ናይሮቢን ስቆጥር ዓይናቸው እየሰፋ ሄደ። ከሩቅ የዳሬሰላም ሕንፃዎች ከጉም ውስጥ መውጣት ጀምረዋል።

“ይኼን ሁሉ መንገድ ያዘጋጀላችሁ ማነው? የትኛው አስጎብኚ ነው?” አሉኝ።

“እኔ ነኝ” አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ከፍ ብሎ ወጣ።

የጓደኛዬ ራስ ከጭኔ ላይ ቀና አለ። ፊቷ ገርጥቷል፣ ሻሿ ዞሯል፣ ከንፈሯ ደርቋል። እንግሊዝኛው ምን ያህል እንደገባት አላውቅም፤ “እኔ” ማለቴ ግን ገብቷታል።

“እኛ ነን በያቸው!” አለችኝ።

እኛ ነን አልኳቸው።