ውሃ የያዘ ድንጋይ

ልጅ ሳለሁ፣ በጥር የትምህርት እረፍት አባቴ ከብቸና መኪና አሳፍሮ ሞጣ ወደሚኖሩት ታላቅ ወንድሙ ይልከኝ ነበር። አያ ቢተው ድንጋይ ፈላጭ ነበሩ። ያኔ በከተማው ዳርቻ ለቤት መሠረት የሚሆነው ጥቁር ድንጋይ በእሳት ነበር የሚፈለጠው፤ ቋጥኙ ላይ ግንድ ይከምራሉ፣ ከረፋዱ ጀምሮ ሲነድበት ይውላል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፍሙን ጠርገው ቀዝቃዛ ውሃ ይደፉበታል፤ ድንጋዩም እንደ ደረቅ ዳቦ ይሰነጠቃል። ተረት የሚነግሩኝ በዚያ መሃል፣ ጭሱ እየለበለበን እሳቱን ሲጠብቁ ብቻ ነበር። እጅን አጣጥፎ ተረት ማውራት ነውር ይመስላቸዋል። እሳት ከሌለ ተረት የለም።

ብዙ ተረት አያውቁም፤ እኔም ደጋግሜ የማስነግራቸው አንዱን ነው። እሳትና ውሃ የአንድ እናት ልጆች ነበሩ፤ እናታቸው ምድር ናት። በርስት ቢጣሉ ታላቁን እሳትን ከታች፣ ታናሹን ውሃን ከላይ አስቀመጠችና ድንጋይን በመካከላቸው ዳኛ አደረገች። ውሃ ግን ወንድሙ ይናፍቀዋል፤ ቀን ከሌት በየስንጥቁ እየተሹለከለከ ይወርዳል።

«ሲገናኙስ?» እላለሁ፣ መልሱን እያወቅሁ።

«ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። ልቅሷቸውን የሚችል ቤት ግን የለም» ይሉና ጭስ ያቀላውን ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። እፈራ ነበር፤ ፍርሃቱንም እወደው ነበር።

እሳት ከመለኮሳቸው በፊት ግን የማይታለፍ ነገር ነበር። ቋጥኙን ዙሪያውን በመዶሻ ይመቱታል። ጠርቶ ከጮኸ ደረቅ ነው፤ ድፍን ያለ ድምፅ ካወጣ በሆዱ ውሃ ይዟልና እሳት አያስጠጉትም፣ ቀኑን ሙሉ በሽብልቅ ነው የሚታገሉት። ታዲያ የአያ ቢተው ጆሮ እየደከመ ነበር፤ ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ጆሮው ለደከመ ፈላጭ ማን ሥራ ይሰጣል? ስለዚህ እሳቸው ይመታሉ፣ እኔ አዳምጣለሁ፣ ሰው እንዳይሰማ ጆሯቸው ሥር ተጠግቼ እነግራቸዋለሁ። እንዴት እኮራበት ነበር!

በአንዱ ዓመት፣ ወደ ብቸና ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ ከምንጭ ሥር ያለ ቋጥኝ ደረሰን። መቱት። ድፍን ነበር። እንደገና መቱት፤ ያው ድፍን። ይህን ብናገር የዚያ ቀን እሳት ሊቀር ነው፤ ተረቱም ሊቀር ነው።

«ይጠራል» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ ልጄ? ከምንጭ ሥር ነው እኮ።»

«ይጠራል አልኩዎት፣ አያ!»

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ተረቱ ተጀመረ። እሳቱ ግሎ ነበር። ውሃ ዳኛውን አልፎ ወንድሙ ደጃፍ ሲደርስ፣ አያ ቢተው ግንድ ሊገፉ ጎንበስ አሉ። የፍንዳታውን ድምፅ አላስታውስም። የማስታውሰው ነጩን እንፋሎት፣ በየሣሩ ላይ የወደቀውን ፍም፣ ከዚያም ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጅቷስ? ልጅቷ ደህና ናት?» ሲሉ ነው። እኔን ጭረት እንኳ አልነካኝም። የእሳቸው ዓይን ግን በዚያው ጠፋ።

ጎረቤቱ ሁሉ የምንጩን ቆሌ ቢነኩ ነው አለ፤ እኔም ከቆሌው ጀርባ ተደበቅሁ። አያ ቢተው ግን ለጠየቃቸው ሁሉ «ጆሮዬ ነው የከዳኝ» አሉ። ያን ያህል ዘመን የሸሸጉትን ድካም እኔን ለማዳን አወጡት፤ ስሜን አንድም ቀን አላነሱም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ እውነት ግን እያደር ከበደኝ፤ ሳልነግራቸው ሞቱ።

ዛሬ እንጀራዬ የእሳተ ገሞራ ጥናት ነው። ቅልጥ ዓለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን እመረምራለሁ። ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱ ውሃ ሳለ ከያዘው ቦታ በብዙ መቶ እጥፍ የሚበልጥ ይፈልጋል፤ መውጫ ካጣ ከላዩ ያለውን ዓለት አድቅቆ አመድ አድርጎ ይወጣል። የእሳቱ ብዛት ብቻውን ያን ያህል አያስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ የውሃው መታፈን ነው።

ዘንድሮ አፋር ውስጥ፣ መሬት ተሰንጥቆ እንፋሎት ከሚተፋበት መንደር አጠገብ መሣሪያ ተክለን ከረምን። ሰዉ ከመንደሩ እንዲነሣ ተደርጓል። አንድ ሽማግሌ በየሳምንቱ እየመጡ በአስተርጓሚ ይጠይቁኛል።

«ግጦሻችን እዚያ ነው። ግመልና ፍየላችን እያለቀ ነው። ምን ይላል መሣሪያሽ?»

«ተመለሱ» ማለት እንዴት እንደሚያምረኝ! ከሥር ያለው ንዝረት ግን አልበረደም። «ገና ነው፤ አትመለሱ» እላለሁ። ወራት አለፉ፣ ምንም አልፈነዳም። ሽማግሌው አሁን ሰላምታም ነሥተውኛል፤ ሁለት ግመል እንደሞተባቸው የሰማሁት ከአስተርጓሚው ነው።

ከዚያ ከሞጣው ጥር የቀረኝ ጸጸት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሽማግሌው ፊታቸውን አዙረው ሲያልፉኝ፣ ምነው አሁን በፈነዳና እውነቴን መሆኑን ባዩት ብዬ በሆዴ ተመኘሁ። ሦስት ቤተሰብ ተደብቆ ወደ መንደሩ መመለሱን በዚያው ጠዋት ሰምቼ ነበር።