ለአዋጁ ብለን ያፈራናት አክስት

እናቴ ቆቦ ከተማ ውስጥ ሁለት ቤት ነበራት። አንዷ የምንኖርባት፣ ሌላዋ ከዋጃ መጥታ ገበያ ላይ ቅቤ ለምትሸጥ ሴት ያከራየቻት የጓሮዋ ቤት። ውላቸው ወረቀት አያውቅም። ጎረቤት ተጠራ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ልጄ ስታገባ ትለቂልኛለሽ፣ እሺ፣ ተባብለው ጨረሱ። ልጅቱ እኔ ነኝ።

ከዚያ የደርግ አዋጅ መጣ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት፣ ትርፉ የመንግሥት፣ ማከራየትም ክልክል። እናቴ ሁለት ቀን እህል ሳትቀምስ ቆየችና መላ መታች። ተከራይዋን ይዛ ቀበሌ ሄደች፤ ታላቅ እህቴ ናት፣ የጓሮዋ ቤት ከአባታችን የደረሳት ድርሻዋ ነው ብላ በስሟ አስመዘገበችላት። ጎረቤቱም መሰከረ። ይኸው ነው እንግዲህ የኛ ብልጠት! ሴትዮዋ ቁርኣን ይዛ አልክድሽም ብላ ማለች። እኔም ሰው ፊት እንዳልሳሳት እቤት ውስጥ ሳይቀር አክስቴ እንድላት ታዘዝኩ።

ዓመታት አልፈው ለሰርጌ ወር ሲቀረው እናቴ ቤቷን እንድትለቅልኝ ለመነቻት። ሴትዮዋ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ቤቱ በስሟ እንደሆነ፣ መሄጃም እንደሌላት ብቻ ነገረቻት። እውነቷን ነው፣ መሄጃ አልነበራትም። እኔስ ታዲያ? ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እናቴ በንዴት ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ከሰሰቻት። ሰብሳቢው በልጇ ዕድሜ ነው፤ አንቺ እያለ ያዋክባታል። መዝገቡን ገለጠና፣ ሴትዮዋ እህቷ ካልሆነች እናቴ ትርፍ ቤት ደብቃ ኖራለች ማለት እንደሆነ፣ ቤቱ እንደሚወረስ፣ እሷም እንደምትታሰር አስረዳት። ከዚያ ጠየቃት።

«እህትሽ ናት፣ አይደለችም?»

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ።

«እህቴ ናት» አለች።

እኔ ጎብዬ ከተማ አግብቼ አማቶቼ ቤት፣ በመጋረጃ በተከፈለች ጥግ ገባሁ። ሴትዮዋ ለሰርጌ ቅቤ ልካ ነበር፤ አልቀመስኩትም። እናቴ ስትሞት ግን ማምለጫ አጣሁ። ለቀስተኛው እየገባ ከኔ በፊት የሚያጽናናው ሴትዮዋን ነው። እሷም አንገቴን አቅፋ ታለቅሳለች፤ ለቅሶዋ የምር ነበር።

«አይዞሽ፣ የእህትሽ ልጅ አለችልሽ» ይሏታል፣ እኔን እያሳዩ።

እንዲህ የሚሏት፣ ያን ዕለት ዱዓው ላይ የተቀመጡት እነዚያው ጎረቤቶቻችን ናቸው።