ሴት የነካችው ቀስት

ቾኪ ዋንግሞ በዘጠኝ ዓመቷ የአባቷን የቀርከሃ ቀስት ነካች። ጥፋቷ ይኸው ነው። በፓሮ ሸለቆ የቀስት ውድድር ሲደርስ ወንዶች ከሚስቶቻቸው ተለይተው ጎተራ ያድራሉ፤ ሴት የነካችው ቀስት ዒላማ አይመታም ይባላልና። አባቷ ናምጋይ ወደ ጎተራው ሊሄድ ሲሰናዳ በር ላይ ያስደገፈውን ቀስት አንስታ ገመዱን ሳብ አደረገችው። በማግስቱ ናምጋይ በመጨረሻዋ ፍላጻ ዒላማውን ሳተ፤ መንደሩም ተሸነፈ። ልጅቱ ራሷ እያለቀሰች ተናዘዘች። ናምጋይ አልመታትም፤ ቀስቱን ጣሪያ ሥር ሰቅሎ ዳግመኛ ላይነካው በሰው ፊት ማለ። ቢመታት ይሻላት ነበር።

እሷ ግን ቀስት መንካቱን አልተወችም። ከተማ ስትማር የሴቶች የቀስት ቡድን ሲቋቋም ቀድማ የተመዘገበችው እሷ ናት። የመንደሩ ሽማግሌዎች ባል አታገኝም ብለው ሲያሟት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። የሀገሩ የመጀመሪያዋ ሴት የቀስት ሻምፒዮን ሆና ባሕር ማዶ ድረስ ተወዳደረች። ሜዳሊያ ይዛ በመጣች ቁጥር እናቷ አገላብጣ ትስማታለች፤ አባቷ የቃሪያና የአይብ ወጡን እየበላ ስለ መንገዱ ጭቃ ይጠይቃታል። አንድ ቀን እንኳ «ጎሽ» ብሏት አያውቅም። አንጀቷን የሚበላትም ይኼው ነበር።

ሠላሳ አምስት ዓመት ሲሞላት፣ በአዲስ ዓመት ሰሞን፣ ያረጀው ናምጋይ ቀስቱን አውርዶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ መንደሩ ወደሚጫወትበት ሜዳ ይዟት ወጣ።

«ገመዱን ወጥሪልኝ፤ ጉልበቴ ከድቶኛል» አላት።

«አባዬ፣ እኔ ልንካው?»

ናምጋይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያን ለት ጎተራ ውስጥ አረቄ ስጠጣ ነው ያደርኩት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አፈርኩና በልጅ አሳበብኩ።»

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ! ልትቆጣው ነበር፤ የከሱ እጆቹ ቀስቱን ሲዘረጉላት ስታይ ግን እንባዋ ቀደማት። ገመዱን ወጥራ ቆመች። ወንዶቹ ጨዋታቸውን አቋርጠው አፈጠጡ።

«ዓይኗን አሹሉላት፤ ዒላማው በዚህ በኩል ነው!» ሲል አሾፈ ከዒላማው አጠገብ የቆመ አንድ ጎረቤት።

በባዕድ አገር ሜዳ ተንቀጥቅጦ የማያውቅ እጇ ተንቀጠቀጠ። ፍላጻዋ ዒላማውን በአንድ ጋት ስታ ጭቃው ላይ ተተከለች። ሳቁ ሊፈነዳ ሲል ናምጋይ እጁን አነሳ።

«ጥፋቱ የሷ አይደለም» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ። «ጠዋት ቀስቱን እኔ ነክቼዋለሁ።»