ኮሶ የጋረደውን ዓይን ጌታ ገለጠው

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ጌታ ለዓይኔ ያደረገውን ልመሰክር ነው። ብዙዎቻችሁ ሽበቴን እንጂ ማን እንደ ነበርሁ አታውቁም። እንግዲህ ስሙኝ፤ ክብሩን ግን ለእርሱ ስጡ። ስሙ ይመስገን!

ጣሊያን ከመግባቱ በፊት፣ አራዳ ገና በበቅሎ ስትጨናነቅ፣ የአንድ ፈረንሳዊ መድኃኒት መርማሪ ረዳት ነበርሁ። ሰውየውን ሁሉም እንደ ፈረንጅ ወግ “ሙሴ” ይለው ነበር። ቤቱ ከአርመኖቹ ሱቆች ጀርባ ሲሆን በብልቃጥ፣ በሚዛንና በምድጃ የተሞላ ነበር። እኔ ተማሪ ቤት አልገባሁም። ፊደሉን ከቄስ ተማሪዎች ኋላ ቆሜ ለቀምሁት፤ ፈረንሳይኛውን ከመድኃኒት ጠርሙስ ላይ እያነበብሁ ተማርሁት። መምህሬ ዓይኔ ነበር። ይህን የምለው ልመካ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ወዲህ፣ ብልቃጥ አይቶ በውስጡ ያለውን የሚነግራችሁ ሐበሻ ከእኔ በቀር አልነበረም። ሙሴም ያውቀው ነበር።

የምንመረምረው ኮሶ ነበር። እናንተ ልጆች በክኒን ስለምትገላገሉ አታውቁትም። በዚያን ጊዜ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ሁሉ ትል በሆዱ ይይዝና በየጊዜው የኮሶ አበባ ተፈጭቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ በዋንጫ ይጠጣ ነበር። ሙሴ ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ አበባ ውስጥ ትሉን የሚገድለው የትኛው ነው? አበባውን በአልኮል እንዘፈዝፋለን፣ እናጠልላለን፣ በዝግታ እሳት እናተንነዋለን። ከብዙ ድካም በኋላ ጥቁር ማር የመሰለ ጥቂት ጭማቂ ቀረልን።

“አሁን ለጥንቸል እንሰጣለን” አለኝ ሙሴ።

“ጥንቸል ጥሬ ሥጋ በልታ ታውቃለች?” አልሁት።

ሳቀ። “አታውቅም። ብትሞት ግን መርዝ መሆኑን እናውቃለን። ለሰው ገና ነው። እንዳትነካው!”

እኔ ግን ጥንቸል እንድትቀድመኝ አልወደድሁም፤ ትሉ በእኔም ሆድ ነበር። ጭማቂውን አፍንጮ በር ወዳለው ቤቴ ይዤ ሄድሁ። አባቴ ኮሶን በዋንጫ ይጠጣ ነበር፤ አያቴም በዋንጫ። ከዋንጫ ያነሰ የሚጠጣ ወንድ አላየሁም። ስለዚህ ያንን ሁሉ ጭማቂ በአንድ ዋንጫ ውሃ በጥብጬ በባዶ ሆዴ ጨለጥሁት። ለካ በአንድ ዋንጫ የሰፈሩን ሁሉ ኮሶ ጠጥቻለሁ!

ትሉ ወጣ፣ ጭንቅላቱ ሳይቀር። ጭማቂው ሠርቷል፤ ይህን የሚክደኝ የለም። ከዚያ በኋላ ግን ቤቱ ይጨልምብኝ ጀመር።

“አስካለ፣ በሩን ለምን ዘጋሽው?” አልኋት ባለቤቴን።

“ኧረ ክፍት ነው” አለችኝ።

ፀሐይዋ እግሬን ታሞቀኛለች፤ አትታየኝም። ወንድሞቼ፣ እንዲህ ያለ ጨለማ አይድረስባችሁ!

“ለማንም እንዳትነግሪ። ሙሴ ከሰማ አለቀልኝ። የመጣውን ሁሉ ኮሶ ጠጥቷል በዪ” አልኋት። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ኮሶ የጠጣን ሰው ማንም አይጎበኘውም። ጌታው እንኳ አሽከሩ “ኮሶ ጠጥቻለሁ” ካለው አይጠራውም። ሰው ይመጣል፤ አስካለ ከደጅ ትመልሰዋለች፤ “ያሽረው!” ብሎ ይሄዳል። እኔ ውስጥ ሆኜ ዓይኔን ይዤ እጮሃለሁ።

ከአጥራችን ማዶ ኦቦ ገመቹ የሚባል ከወለጋ የመጣ ኮርቻ ሰፊ ነበር፤ ወንጌል አማኝ ነው። ሰፈሩ “ጸረ ማርያም” ይለው ነበር፤ እሳት እንኳ የሚያስጭረው አልነበረም። አስካለ ስትከለክለው ሰማሁ።

“ኦቦ ገመቹ፣ ኮሶ ጠጥቷል አልሁዎት እኮ! ነውር አይደለም እንዴ?”

“ኮሶ የሚይዘው ሆድ ነው። ይሄ ሰው ግን ‘ዓይኔን፣ ዓይኔን’ እያለ ነው። ነውሩ ለእኔ ይሁን፣ አሳልፊኝ” አላት።

ገባ። ምንም ሳይጠይቀኝ አዝሎ አወጣኝና በበቅሎው ላይ አስቀምጦ ወደ ሐኪም ወሰደኝ። ሐኪሙ ግሪክ ነበር፤ መብራት አምጥቶ ዓይኔን ገልጦ አየው።

“የዓይኑ ሥር ተመርዟል። እኔ ዘንድ መድኃኒት የለውም። መሪ ይፈለግለት” አለ።

ሙሴም ሰምቶ መጣ። “ለጥንቸል ያልሰጠሁትን አንተ ጠጣኸው?” አለኝ። ከዚያ እጄን ይዞ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ተስፋዬ እንደ ሞተ አወቅሁ። በዓይኑ የተማረ ሰው ዓይኑን ሲያጣ ምን ይቀረዋል?

ኦቦ ገመቹ ስፌቱን ይዞ በየቀኑ እኔ ዘንድ ይውል ጀመር። ወንጌል ያነብልኛል። ፊደሉን እየቆጠረ ነውና እኔ ጨለማ ውስጥ ሆኜ አርመው ነበር።

“ንባብህ እንደ አንካሳ በቅሎ ነው” አልሁት።

“ግድ የለም፣ አንካሳም ያደርሳል። ይልቅስ አንተ ከበቅሎዋ ላይ አትውረድ” አለኝ።

አንድ ቀን ንባቡ ጌታ ዕውሩን “ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?” ብሎ የጠየቀበት ቦታ ሲደርስ ልቤ ተሰበረ። ብልቃጡን ሁሉ አይቼ ምን እንደያዘ አውቃለሁ፤ እኔን ግን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። “ጌታ ሆይ፣ የማውቀው ሁሉ በዓይኔ የገባ ነው፤ ዓይኔ ተዘግቷል። አንተ በወደድኸው በኩል ግባ” አልሁት። ኦቦ ገመቹ በሻካራ መዳፉ ዓይኔን ሸፍኖ “ያ ዋቃ! ያ ዋቃ!” እያለ በእናቱ ቋንቋ አምላኩን እየጠራ አለቀሰ። ወንድሞቼ፣ በዚያ ሰዓት ምንም አላየሁም። ፍርሃቴ ግን ወጣልኝ። ዕውር ሆኜ ብቀርም የእርሱ ነኝ አልሁ። ሃሌ ሉያ!

ሰንበት አልፎ አንድ ጠዋት ኦቦ ገመቹ አጠገቤ ሲሰፋ፣ በጨለማው ውስጥ አንድ ነገር ፍም መሰለኝ።

“ጉልበትህ ላይ ያለው ምንድን ነው?” አልሁት።

“የኮርቻ ልባስ ነው። ምነው?”

“ቀይ ነው” አልሁት።

መርፌው ከእጁ ወደቀ። አስካለ እልል እያለች ወደ ደጅ ሮጠች።

ኦቦ ገመቹ መልሶ ሐኪሙ ዘንድ ወሰደኝ፤ እርሱም ደግሞ መብራቱን አመጣ። ብዙ አየና “እኔ አላዳንሁህም። ማን እንዳዳነህ አንተ ታውቃለህ” አለኝ። አውቃለሁ እንጂ! ስሙ ይባረክ!

እንግዲህ አልዋሻችሁም፤ ጌታ የመለሰልኝ የግራ ዓይኔን ነው። ቀኙ እስከ ዛሬ አያይም። ለምን እንዲህ እንደሆነ ጠይቄዋለሁ፤ አልነገረኝም። እኔ ያልተነገረኝን ማወቅ የምወድ ሰው ነኝ፤ ይህን ግን ለእርሱ ትቼለታለሁ። በግራው ሚስቴን አየሁ፣ ልጆቼን አየሁ፣ ወንጌሉንም ከፊት እስከ ኋላ በራሴ አነበብሁት፤ ደጋግሜም አነበብሁት። ኦቦ ገመቹ ወደ ጌታው ሄዷል፤ የቀበርሁትም እኔ ነኝ።

ዛሬ ከእናንተ መካከል ሐኪም መሪ ፈልግ ያለው ሰው ካለ፣ ጌታን እመኑት። አንዱን ዓይን ይመልስ፣ ሁለቱንም ይመልስ፣ ወይም አንዱንም አይመልስ፤ ጌትነቱ ከእርሱ አይወሰድም። ጉባኤው ሲበተን እኔ እዚሁ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። ማንበብ የማይችል፣ ወይም ዓይኑ የደከመ ቢኖር አጠገቤ ይምጣ። አነብለታለሁ።