የወርቄ ማተብ

ኡሙሰልማ ስለ እምነቷ ማውራት አይታክታትም። ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ኮምቦልቻ በምትሠራበት ፋብሪካ ስለ ረመዳን ለጠየቃት ሁሉ የምሳ ሰዓቷን ሰውታ ታስረዳለች። ካልጠየቋት ግን ትንፍሽ አትልም። አብራት የምትሠራው የገራዶዋ ወርቄም ስንቴ ጠይቃታለች! ሰምታ ሰምታ፣ "ደስ ይላል፤ እኔ ግን በማርያሜ አልደራደርም" ትላለች። ከዚያ አብረው ይስቃሉ።

ጣጣው የመጣው የኡሙሰልማ ወንድም ከሊድ ወርቄን የወደደ ጊዜ ነው። እናታቸው ወይዘሮ ፋጡማ፣ "ትስለም፤ ያለዚያ ልጄን አታገኝም" አሉ። ወርቄ ወላጅ የላት፣ ዘመድ የላት፤ ልቧ ደግሞ ከሊድ ዘንድ ነው። እንባዋ እየመጣ እሺ አለች። እንባዋን ማን ልብ ብሎ! ቤቱ በእልልታ ቀለጠ።

የኒካሁ ዕለት፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤታቸው በሰው ተጨናነቀ። እናትየው ጓዳ ውስጥ መቀስ ይዘው ወደ ወርቄ አንገት ተጠጉ፤ ማተቧን ሊቆርጡ! ልጅቷ አንገቷን በሁለት እጇ ጥፍንግ አድርጋ ይዛለች። ኡሙሰልማ ደሟ ፈላ። መቀሱን ቀማቻቸው።

"ምን ነካሽ አንቺ?"

"ወላሂ አይነኳትም እማዬ! ለአላህ ብላ ብትመጣ አቅፌ እቀበላታለሁ። ለከሊድ ብላ ግን አይሆንም!"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!"

"ይስማ!"

ብላ ወንዶቹ ወደተቀመጡበት ሳሎን ዘው አለች።

"ሼህ በሺር፣ ሙስሊም ወንድ ክርስቲያን ሴት በእምነቷ እንዳለች ማግባት ይፈቀድለታል ወይስ አይፈቀድለትም?"

ኒካሁን ሊያስሩ የመጡት ሽማግሌ ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣ "ይፈቀድለታል" አሉ።

"ታዲያ አላህ ያላስገደዳትን እኛ ማን ሆነን ነው የምናስገድዳት?"

ኡሙሰልማ ወደ ሙሽራው ዞረች። "አንተስ፣ ምላስህን ዋጥከው እንዴ?"

ከሊድ ላቡን ጠረገ። "እንዳለች... እንዳለች ነው የምፈልጋት" አለ። አቤት፣ ለዚች ቃል በስንት ምጥ!

ኒካሁ ታሰረ፤ ወርቄ ማተቧ አንገቷ ላይ እንዳለ ተዳረች። እንግዳው ሲበተን ኡሙሰልማ የእናቷን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች። ወይዘሮ ፋጡማ ጉልበታቸውን ሰበሰቡ።

"ሂጂ። ከዛሬ ወዲያ ልጄ አይደለሽም።"

ኡሙሰልማ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያም ሆኖ አልተለማመጠችም።

"እሺ እማዬ። እኔ ግን ነገም እመጣለሁ። በሩን ቢዘጉብኝም ደጃፍዎ ላይ እቀመጣለሁ፤ ይቅርታ ግን አልጠይቅም።"